ዓይናፋር

ብርድ ልብስ ፋብሪካው፣ ከፈትል ማሽን ሥር፣
ስሜ ሌላ ሆኗል፤ ይሉኛል «ዓይናፋር»።
አለቃዬ እንኳ፣ «ያሳደገሽ ይክበር»
ይለኛል፣ ሲያየኝ አንገቴን ሳቀረቅር።

የማውቀው ጫማ ነው። የሰው ፊት አላውቅም።
እልፍነሽ ሸራ ናት፤
ዘበኛው ቦት ጫማ፣ ቢፈጥንም ቢያዘግም፤
ሒሳብ ሹሟ ታኮ፣ ባንድ ጎን የሰለለ፤
ከጉልበቱ በላይ ሰው ለኔ የት አለ።

ጎረቤላ፣ ቅዳሜ። ጉሙ ገና አልተነሣ።
እናቴ ቁጭ ብላ፣ ገንቦዋን ገለባ አልብሳ፣
ገዢ በጥፍሩ ሲመታው፣ ድምፁን ሲያዳምጥ፣
ብሩን በእጇ አይደለም፣ መሬት ላይ ሲያስቀምጥ፤
በገንቦዋ ሊጠጣ፣ እንግዳም ሊያጠጣ፣
ከንፈሯ የነካው ጣሳ ግን እንዳይመጣ።

እኔ ሰባት ዓመቴ። ከጎናችን አንዲት እናት
ሕፃን ልጅ አዝላለች፤ ዞር አለ ካንገት፣
ሳቀልኝ። ሁለት ጥርስ፣ ሁለቱም ከታች።
ሳቅሁለት። እናቱ ነጠላዋን ጣለች
ፊቱ ላይ፣ ሥጋ ከጭልፊት እንደሚሸሽጉት።
«ዓይንሽን አንሺ!» አለች። ሌላ ቃል የለበት።

በሦስተኛው ሌሊት በራችን ተመታ።
ልጁ ትኩሳት ይዞት፣ ሲቃዥ ሲንገላታ፣
«ትምጣ» አሉ፣ «ትትፋበት።» አባቴ ተነሣ፤
መዶሻ የለመደ እጁ፣ በእኔ እጅ ላይ ሳሳ።

ገባሁ። ተፋሁ። ምራቅ አልነበረኝም።
«ድገሚ» አሉኝ። ደገምሁ። ማንም አልነካኝም።

ይኸው ነው። ዱላ የለ፣ ስድብም አልበዛ።
በማግስቱ ልጁ ዳነ።
እኔን ያኔ ያዘኝ።
ባይድን ኖሮ፣ ምናልባት፣ ሐሰት ነው እል ነበር፤
ዳነና ሆነብኝ የዕድሜ ልክ ምስክር።

ሃያ ሁለት ዓመት። አሁን ጠባሴ ነኝ፣
አንድ ክፍል ቆርቆሮ፣ ውርጩ የማያስተኛኝ።
አገርሽ የት ሲሉኝ «ሰላ ድንጋይ» እላለሁ፤
አባቴ ገበሬ፣ ብዬ እዋሻለሁ።
ማንም አያውቀኝም። ማንም አልተናገረኝ።
ታዲያ ማነው ሌሊት «ዓይንሽን!» እያለ የሚቀሰቅሰኝ?

የአባቴ ወናፍ ነው ደረቴ ውስጥ ያለው፤
ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይነሣል፣ ከሰሉን ሊያቀላው፣
ይነፋል፣ ይነፋል፣
የሚቀጠቀጥ ብረት አንድም ሳይኖረው።

እልፍነሽ ስትስል እኔ እቆጥራለሁ፤
ማክሰኞ፣ ሻይ ሰዓት፣ አይቻት ይሆን? እላለሁ።
ሹራቧን ስታወልቅ ቀና ብዬ ነበር?
ስንት ሰከንድ? እያልሁ፣ እስክትድን ሳልበላ ማደር።

ከዚያ ልጅ ወለድሁ።
ባሌ የጭነት ሹፌር፣ በወር ነው የሚመጣ፤
«ይታይሽ» የሚል ስም በስልክ ነው ያወጣ።

ይታይሽን የማጠባት ግድግዳ እያየሁ ነው።
ጋዜጣ ተለጥፏል፤ ሁሉንም በቃል ነው
የማውቀው፤ የስሚንቶ ጨረታ፣ የጠፋ ሊብሬ፤
የልጄ ዓይን ቀለም ግን አልታየኝም እስከዛሬ።

ዛሬ ክትባት ነበር። ነርሷ፣ ልጅ እግር፣
ነጭ ክፍት ጫማ፣ በዝግታ ስትናገር፣
«ልጅሽ አንቺን ፍለጋ ዓይኗ ሲንከራተት
አየሁ» አለች። «አንቺ ግን ወዲያ ነሽ፣ ወደ መስኮት።
ከመቼ ጀምሮ ነው?»
ማንም ጠይቆኝ አያውቅም።
«ከቅዳሜ» አልኋት።
«ካለፈው ቅዳሜ?» ብላ ብዕሯን አነሣች።
ዝም አልሁ። ያ ሕፃን አሁን ሚዜ መርጦ ይሆናል፤
ሱፍ ለብሶ፣ ስሜንም ሳያውቅ፣ የሆነ ቦታ ይስቃል።

ማታ መብራት ጠፋ። ጠባሴ ጨለማ።
ዞርሁ ወደ ልጄ፤ ትንፋሿን ስሰማ፣
እንዲህስ ይቻላል አልሁ፣ ሳያዩ ማየት፣
አፍንጫዬን ካፍንጫዋ አስጠግቼ፣ ድንገት

መብራቱ መጣ።

ዓይኗ። ጥቁር አይደለም። የሸክላ ጭቃ ነው፣
እናቴ ውሃ ነክራ በመዳፏ ስታሸው።
አንድ። ሁለት። ሦስት። ቆጠርሁ። አልሸሸሁም።
አራት። ላብ አጠመቀኝ። አምስት። አልጨፈንሁም።
ስድስት ላይ

አነጠሰች።

ወናፉ ተነሣ። እጄ ዓይኔን ሊጋርድ ግማሽ መንገድ ሄደ።
ሳቀች። ሁለት ጥርስ፤ ሁለቱም ከታች።
እጄ እዚያው አየር ላይ ቀረ።

«ይማርሽ» አልሁ፤
ማንን እንደሆነ እንጃ።