ሦስተኛው አንጓ

ማክሰኞ በጀልባ፣ ከቀለም ቆርቆሮ፣ ከድንች ዘር ጋራ፣
አንድ ፖስታ መጣ፣ ጠርዙን ዝናብ የበላው፣ ስሜን የሚጠራ።
ከውስጡ አንድ ሸክላ፣ የኦስላ ሃልክሮ፤
ዐሥራ አንድ ዘፈን፣ ሰባቱ ከድሮ፣
አራቱ የራሷ፣ የዛሬ ኑሮ።

እውነቱን ልናገር፤ ቶሎ አልከፈትኩትም፤
ሦስት ቀን አደረ ከግድግዳው ሰዓት ሥር።
የኛ የስካርቪክ ዜማ ጊታር አያውቅም፤
በጓዳ፣ በጀልባ፣ በጨው በርሜል አጠገብ፣
በባዶ ጉሮሮ ነው ኖሮ የዘለቀ፤
ስኳር የበዛበት ሻይ እንዳይሆን ፈራሁ፣
አፍ ላይ የሚጣፍጥ፣ ጥርስን ያወለቀ።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ በመጋዘኔ ውስጥ፣ ጀልባዬን ስቀባ፣
መርፌዋን አሳረፍኩ፤ ድምፅዋ ሳያንኳኳ ከነቦቲው ገባ።

የመርከብ መስጠም ነው የመጀመሪያው ግጥም፤
ሌላው ዘፋኝ ሁሉ ይጮኻል፣ ሰው ሲሰጥም።
እሷ ግን ስም በስም፣ ቀስ ብላ ጠራቻቸው፣
ለእራት እንደምትጠራ፣
ምግቡ ቀዝቅዞ እንዳይቆያቸው።

ጊታሯም አይቀድማት፣ አይጎትታትም፤
አብሯት ይራመዳል እንደ አሮጌ ውሻ፣
አንዳንዴ ቆም ብሎ አጥሩን አሽትቶ
ይደርስባታል ደግሞ፣ ከመንገዱ መድረሻ።
አውራ ጣቷ ከታች የባሕሩን ደረት በዝግታ ሲመታ፣
ሌሎቹ ከላይ ናቸው፤ ወፎች ዓሣ አይተው ጠብ ሲሉ ባንድ አፍታ።

ሁሉን አላሞግስም። አራተኛው ላይ
ቫዮሊን በዝቶበት፣ ለእንግዳ ዓይን ተኩሎ፣
ለቱሪስት መርከብ ነው፣ ታጥቦ ተጠቅልሎ።
ዘልዬ አለፍኩት።

የራሷን ከድሮው መለየት ቢቸግረኝ ሽፋኑን ገለበጥኩ።
ስለ ትምህርት ቤት አውቶቡስ አንድ አላት፤
ሁለት ልጅ ብቻ ጭኖ ደሴቱን ስለሚዞር፣
በባዶ ወንበሮቹ የሌሉትን ሲቆጥር።
ዜማው መቶ ዓመት ያለፈው መስሎኝ
ራሴን ስነቀንቅ፣
«ናፍጣ» የሚል ቃል ሰምቼ ሳቄ አመለጠኝ።

ከዚያ ሰባተኛው።
ብሩሼን አስቀመጥኩ።
የእናቴ ነው።

እናቴ ጀሚማ በልጅነት ዕድሜዋ ከወደብ ወደብ ስትዞር፣
የሄሪንግ ሆድ ስትቀድ፣ ጣቷን በጨርቅ ጠምጥማ፣ ጨው በርሜል ስትደረድር፣
ከማን አፍ እንደሆነ ሳታውቅ ያነሳችው፤
ኦስላ ያኔ ተማሪ፣ ዝናብ ያበሰበሳት፣ በቴፕ የቀዳችው።

ትዝ ይለኛል ያ ቀን። የልጅቷ ካልሲ ከምድጃው በላይ ይተናል፤
እናቴ ዓይኗን ጨፍና ሁለት አንጓ ዘለቀች፣
ሦስተኛው ላይ ቆመች።
«እዚህ ጋ አንድ አለ፤ ጠፋኝ» አለች።
በአፍንጫዋ አዜመችው፣
በጨለማ ደረጃ እንደሚወርድ ሰው በእግሯ ዳበሰችው፣
ወደ አራተኛው ተሻገረች።

የጠፋው አንጓ የትም ይገኛል።
የማዶ ደሴት ሰዎች ያውቁታል፤
አክስቴ ባርብራ በቀብሯ ማግስት ቃል በቃል ነግራኛለች።
ኦስላም ታውቃለች፤
ያን ሁሉ ድርሳን ያገላበጠች ሴት
እንዴት አታውቅም!
ግን ሦስተኛው ላይ ስትደርስ አፏን ዘጋች።
ወፍራሙ ክር ብቻ፣ አንዱ ክር፣
እናቴ ዳብሳ የወረደችበትን ደረጃ
ዱካ በዱካ ወረደ።
አልሞላችውም። አልጠገነችውም።
የእናቴን መርሳት
እንደ መነጽሯ፣ እንደ ሹራብ መርፌዋ፣
ካኖረችበት ሳታነሳ ተወችው።

እኔ ግን ቃሉን አውቀዋለሁና
ክፍተቱ ውስጥ ዘልዬ ገባሁ፤
በሻከረ ድምፅ፣ ከቅኝት ውጪ፣
ለጀልባዬ፣ ለመጋዘኑ ቆርቆሮ ዘፈንኩት።
ሲያልቅ አፈርኩ፤
ሰው የተኛበት ክፍል መብራት ያበራሁ መሰለኝ።

መርፌዋን መለስኩ።
ሁለተኛ ጊዜ ሦስተኛው ሲደርስ
ዝም አልኩ።

ብሩሹ ከነቀለሙ ደርቋል።
ሰኞ ሌላ እገዛለሁ።