ደረሰኝ ቆራጭ

አዋጁ ሲነበብ አዳራሹ ሞልቶ፣
የመሐል ሜዳ ብርድ በመስኮቱ ገብቶ፣
አንቀጽ በአንቀጽ ላይ ሲደራርብ ዋለ፤
እኛም በርኖሳችንን፤ ሙቀት ግን የታለ?

"ድሃ በሬ እንዳይሸጥ፣ ሲታመም ጎረቤት፣
ጤነኛው ይክፈል" አሉ፣ "ይቁም ያንድነት ቤት።"
ጥሩ ነው አለ ልቤ፤ ክፉ ሐሳብ አይደለም፤
እድርም ይኸው ነው፤ አዲስ ነገር የለም።

"ጽሕፈቱ ያምራል" ብለው ያን ቀን መረጡኝ፤
ካርቦን ያለው ጥራዝ፣ ማህተምም ሰጡኝ።
ከቤት ቤት ዞርሁበት፣ ጓሳውን፣ ገብሱን፤
ውሾቹ ለመዱኝ፣ ተዉት መጮኹን።

ጋሽ ሸዋቀና ግን ብር አልነበረው፤
ግልገል ያላት በግ ነው ገበያ የወሰደው።
በጓ ዞራ ጮኸች፤ ግልገሏም መለሰች፤
ደረሰኜ ላይ ግን "ጥሬ ገንዘብ" ሆነች።
ስድስት ነፍስ ጻፍሁለት፣ ፎቶውን ለጠፍሁ፤
"አሁን ዳንሁ?" ሲለኝ፣ ሳቅሁና አለፍሁ።

ክፍያው በየዓመቱ ከፍ እያለ ሄደ፤
ገብሱ ግን ውርጭ መትቶት ካምናው ወረደ።

ጥር ላይ እግሩ አበጠ። ትንፋሽ አጠረው።
ደብተሩን በፌስታል ጠቅልሎ ብብቱ ውስጥ ከተተው።

ሆስፒታል።
ካርድ፦ በነጻ።
አልጋ፦ በነጻ።
ሐኪሟ ደግ ናት፣ ዕድሜዋ ከልጄ አይበልጥም፤
ጻፈችለት።
የመድኃኒት መስኮት፦
"የለም።"
"መቼ ይመጣል?"
"በጀት ሲለቀቅ።"
ከበሩ ፊት ለፊት፣ ከመንገዱ ማዶ፣ አረንጓዴ መስቀል የተሳለበት ሱቅ አለ።
እዚያ ሁሉም አለ፤
ደብተር አይነበብም እንጂ።

ወደ ደብረ ብርሃን ጻፉለት።
አምቡላንሱ ቆሟል። ሹፌሩ መሬት መሬቱን እያየ
"ናፍጣ ብቻ" አለ።
ናፍጣ በደብተር አይቀዳም።
ሚስቱ ዘነበወርቅ ጥጃውን በስልክ ሸጠችው።

ጣርማ በር ሲደርሱ ጉሙ መንገድ ዘጋ፤
ሸዋቀና አለፈ፣ ሌሊቱ ሳይነጋ።
ደብተሩ በብብቱ ሞቅ እንዳለ ቆይቷል፤
ጊዜው አላለፈም፤ ሦስት ወር ይቀረዋል።

እውነቱን ለመናገር የዳነም አለ።
የእንግዳሸት ልጅ በኦፕራሲዮን ወልዳለች፣
ሳንቲም ሳታወጣ፣ በዚሁ ደብተር።
ይህን ካልጻፍሁ ጽሕፈቴ ያምራል አይባልም።

ግን እጠይቃለሁ፤ ማን እንደሚሰማኝ እንጃ፦
ብሩን የሰበሰብሁት እኔ ነኝ፤ ቆጥሬ አስረክቤያለሁ።
ከወረዳ ወዲያ የት አደረ?
ሥልጠና ተብሎ ኮፍያ መጣልን፤
የታሸገ ውኃም ጠጣን።
ያን ሁሉ አንቀጽ የጻፈ ሰው
ለዚያች ጠባብ መስኮት አንዲት መስመር እንዴት አጣላት?

እድር አንቀጽ የለው፣ ደብዳቤ አይልክም፤
ድንኳኑ ግን መጣ፤ "አልቋል" አላለንም።
ለመሞት ከሆነማ መድናችን ሙሉ ነው።

ሚያዝያ። አዲስ ጥራዝ፣ አዲስ ዋጋ።
ከዘነበወርቅ ደጅ ቆምሁ።
ውሻው ጅራቱን ወዘወዘልኝ፤ ምነው በነከሰኝ።
ደብተሩን አወጣች። አውራ ጣቷን ፎቶው ላይ አድርጋ
"አሁን አምስት ነን" አለችኝ። "ስንት ይቀነስልናል?"

መመሪያውን ገለጥሁ፣ ከፊት እስከ ኋላ።
ስለ መጨመር ሰባት ቦታ ይላል።
እንደገና ገለጥሁ።
እሷ ቆማ ጠበቀችኝ፣ እንደ መስኮቱ ሰልፍ።

ከኪሴ ከፈልሁላት እንዳልል፣ አልከፈልሁም፤
የኔም አበል ሦስት ወር አልወጣም።
የተቋጠረ መሐረብ ፈታች፤ ቆጠረች፤
እኔም ቆጠርሁ።

ካርቦኑ ያምናው ነበር።
ማታ ኩራዝ ላይ ከፍ ባደርገው፣
ከዘነበወርቅ ስም ሥር፣ በዚያው በሚያምረው ጽሕፈቴ፣
ሸዋቀና ይላል።