ሀመሶ ገባ

ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ከአሥራ ሁለት፣
ማዘመኛ ልጭን ባደርኩበት፣
መዝገቡ ላይ አንድ መስመር ብቅ አለ፦
«ተጠቃሚ፦ ሀመሶ። የይለፍ ቃል፦ ትክክል። ገባ።»

ሀመሶን ግን በግንቦት ቀብረነዋል።
አካፋውን እኔም ይዣለሁ፤ መዳፌ እስከ ዛሬ ያስታውሰዋል።

ከደረጃው ሥር ነው ሰርቨራችን፣
መጥረጊያና ባልዲ አብረው የሚያድሩበት ጓዳችን፤
አንዱ ቬንትሌተር ይዞራል፣ አንዱ ያቃስታል፣
የሐዋሳ ሐይቅ ንፋስ የጣሪያውን ቆርቆሮ ያንኳኳል።
በሩ ላይ «መግባት ክልክል ነው» ብዬ በእጄ ጽፌያለሁ፤
ቁልፉ ተቀርጾ በሦስት ሰው ኪስ እንዳለ ግን አውቃለሁ።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት ሌባ ነው።
ሰው ሲሞት ቤቱን ጎረቤት ያያል፤ አካውንቱን ማን ሊያይለት ነው?
መዝጋት የነበረብኝ እኔ ነኝ፣
ድንኳኑ ሳይነሣ፣ በሦስተኛው ቀን።
«ነገ» አልኩ። ነገ ፕሪንተር ተበላሸ፣
ከነገ ወዲያ የሻሸመኔ ቅርንጫፍ ደወለ፣ አመሸ፤
ሰውዬውን ቀብሬ
ስሙን ሳልቀብር ቀረሁ።

ተከተልኩት እንግዲህ፣ ከየት እንደመጣ።
ፓኬት ለአገሩ እንግዳ ነው፤ አውቶቡስ ተራ እንደወጣ
በየመስቀለኛው ቆሞ «ሐዋሳ በየት ነው?» ይላል፤
ራውተሩ እንደ ባጃጅ ነጂ በአገጩ ይጠቁመዋል፦
«በዚህ ዝግ ነው ወንድሜ፣ በዚያ ዙር።»
ይርጋለም ላይ ኤክስካቫተር ገመዱን ከበጠሰ ሁለት ሳምንት ሆነው፣
«እየመጣን ነው» ያሉትም እስካሁን እየመጡ ነው፤
ስለዚህ የዲላ ወሬ በአቋራጭ አይደርሰንም፣
አዲስ አበባ ወጥቶ፣ ተመልሶ ይወርዳል እንጂ፣ አይታክተውም።

ከዲላ ነው። ከገንዘብ ተቀባይዋ ከዝናሽ ኮምፒውተር።
ደወልኩ።
«አንቺ ነሽ?»
ዝም።
«እኔ ነኝ። መብራት ጠፍቷል።»

ነገረችኝ፣ እንደ ጥፋተኛ ሳይሆን እንቅልፍ እንዳጣ ሰው፦
ሀመሶ በሕይወት ሳለ ሌሊት ተነሥቶ የሚያየው
የፍሪጁን ሙቀት ነበር፣ ኢንሱሊኑ ያለበትን።
ሁለት እስከ ስምንት። ከስምንት ካለፈ ስልክ ይመታል፦
«ዝናሽ፣ ጄኔሬተር!» ይላል።
ፍሪጁ ከእሷ አልጋ ግድግዳ ማዶ ነው፣
የመጋዘኑ ቁልፍ ግን ከሥራ አስኪያጁ ወገብ አይፈታም፤
ቁጥሩን ለማየት ሐዋሳ መግባት አለባት፣ በሀመሶ ስም።
አስቡት፤ አንድ ክንድ የማይሞላ ግድግዳ፣
አዲስ አበባ ደርሶ ዞሮ ይመጣል፣ ስንት አገር አቋርጦ፣ እዚያው ጓዳ።

«የይለፍ ቃሉን ማን ሰጠሽ?»
«ሆስፒታል ልጠይቀው ስሄድ፣ በክኒን ከረጢት ላይ ጻፈልኝ፤
ከሥሩም እንደ ሐኪም ትእዛዝ፦ በቀን አንድ ጊዜ፣ ሌሊት።»

ሕጉን ያረቀቅሁት እኔ ነኝ።
አዳራሽ ሰብስቤ፣ «የይለፍ ቃል ለወንድም አይሰጥም» ስል፣
ሀመሶ ከኋላ ወንበር «ለእህትስ?» ብሎ
ስብሰባውን በሳቅ በተነብኝ። ያን ቀን ተናደድኩ።

ለዝናሽ በስሟ ከፈትኩላት። ሙቀት ብቻ ታያለች፤
ዋጋ አትነካም፣ ክምችት አትቀንስም፣ ታያለች።
ከዚያ ወደ እሱ ተመለስኩ።
«ይሰረዝ? ይታገድ?» አለኝ ማሽኑ።
ብሰርዘው የአሥራ አንድ ዓመት ፊርማው
«ያልታወቀ ተጠቃሚ» ሊባል ነው።
ሀመሶ? ያልታወቀ?
ይታገድ።

በማግስቱ በዚያው ሰዓት ነቃሁ፤ የቀሰቀሰኝ የለም።
(መዝገቡ ወንድና ሴት አይለይም።)

«ተጠቃሚ፦ ዝናሽ። የይለፍ ቃል፦ ስህተት።
ተጠቃሚ፦ ዝናሽ። የይለፍ ቃል፦ ስህተት።
ተጠቃሚ፦ ሀመሶ። ታግዷል።
ተጠቃሚ፦ ዝናሽ። የይለፍ ቃል፦ ትክክል። ገባ።
ዲላ፣ ፍሪጅ አንድ፦ አምስት ነጥብ አራት።»