ደቻቱ ሲደርቅም ወንዝ ነው

ክፍል ቁጥር ሰባት። የጣሪያው ማራገቢያ ይንቋቋል፣
ሙቀቱን ከጥግ ወደ ጥግ ይገፋል እንጂ አያበርድም።
ካርዱ ላይ «የሕመሙ ዓይነት» የሚል መስመር አለ፣
ርዝመቱ አንድ ጣት ተኩል።
በበሩ የሚገባው ግን ሰው ነው።

«ድባቴ» ብዬ እጽፋለሁ። አንድ ቃል።
ደቻቱም አንድ ስም ነው፤
በጋውን አሸዋ፣ ልጆች ኳስ የሚለጉበት፣
ግመል ከነጭነቱ የሚያቋርጥበት፤
አንድ ሌሊት ደግሞ፣ እዚህ ጠብ ሳይል፣
ደጋ ላይ በጣለ፣ ማንም ባላየው ዝናብ፣
አልጋን ከነተኚው ጠርጎ የሚሄድ።

ማንም «ከፋኝ» ብሎ አይመጣም።
«ራሴን ይወቅረኛል»፣ «እግሬን ያቃጥለኛል»፣
«ልቤ ላይ እንደ ድንጋይ ተቀምጦ ያፍነኛል»።
ድሬ ነዋ! እዚህ ከተማ መክፋት ነውር ይመስላል።
«አቦ ተጫወት!» ይባላል፣
ሰው ይጫወታል፣
እየተጫወተ ይከሳል።

ሙሴ ዘርጋው፣ የምድር ባቡር ጡረተኛ፣
ሱሪውን እንደ ቢላ ስለት ተኩሶ መጣ።
«አልከፋኝም» አለኝ፤ «ግን ደስ ያለኝ መቼ ነው?»
አንድ ጣት አጠፈ፤ ሁለተኛውን ሳያጥፍ ተወው።
ሃያ ሁለት ዓመት ከሥራ አልቀረም፣ ከቀብር አልቀረም፣
የዕድር አላጎደለም።
ሚስቱ «ጠባዩ ነው» ትላለች።
የበርጫ ጓደኞቹ «ዱካክ ነው፣ ያልፋል»።
ዱካክ ሲነጋ ይለቃል፤ ይሄ ግን አብሮት ጡረታ ወጣ።
አያጥለቀልቅም ይሄኛው። አሸዋ ነው፤
ጫማ ውስጥ የገባ፣ ሰው እየረገጠው የሚያረጅ።

ፈርዶሳ ከገንደ ቆሬ፣ አርባዋ ገና አልወጣም።
ሕፃኑን እናቷ ይዛለች።
«ሲተኛ ተኚ ይሉኛል፤ ሲተኛ ጣሪያ እቆጥራለሁ።
የሰው ዕቃ አደራ ጥለውብኝ የሄዱ ይመስለኛል።»
ወተቷ ግን ይፈሳል፣ ልብሷን ያረጥባል፤
ሰውነቷ እናት ሆኗል፣ እሷ ገና መንገድ ላይ ናት።
«ዓይን ነው» ብለዋታል፣ «ምስጋና ማነስ ነው» ብለዋታል።
ድምፅዋን አሳንሳ፦ «ገንዳው ውሃ ሲሞላ እፈራለሁ።»
ያኔ በግልጽ ጠየቅኳት። ስሙን ጠርቼ።
መጠየቅ ሞትን አያስተምርም፤
የተዘጋ በር ነው የሚያስተምረው።
የዚያን ቀን ወደ ቤት አልላክናትም።

ነስሩ ልብስ ሰፊው ሁለት ዳርቻ አለው።
ጥቅምት ላይ ሦስት ሌሊት ሳይተኛ አሥራ አንድ ድሪያ ሰፋ፣
ለማያውቃቸው አደለ፣ ሱቁን አስይዞ ባጃጅ ተዋዋለ፤
መጋላ ሙሉ «አላህ ከፈተለት» አለ።
ጥር ላይ ክር በመርፌ ዓይን ማስገባት ተራራ ሆነበት።
የከፋበትን ቀን ብቻ የጠየቀ ሐኪም
ለነስሩ የተሳሳተ ኪኒን ይጽፋል፤
ስለዚህ የሳቀበትንም እጠይቃለሁ።

ሌሎችም አሉ፣ መስመሩ አይበቃም፤
እህል የሚዘጋው አለ፣ እየበላ የማይጠግብ አለ፣
አንዷ ፀጉሯን ለማበጠር እጇን ማንሣት አቅቷት
ሻሽ አስራ፣ ቀኑን ሙሉ ተኝታ፣ ደክሟት የምትነሣ።

ማታ በድልድዩ በእግሬ አልፋለሁ።
ታች፣ ጨለማው ኳሷን እስኪውጣት ልጆቹ ይጫወታሉ።
ከከፊራ ብርቱካን ገዛሁ፤
ስልጠው ሽታው አልደረሰኝም።
ሦስተኛ ሳምንቴ ነው። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት እነቃለሁ፣
ዶሮ እስኪጮህ ያልሠራሁትን ጥፋት እቆጥራለሁ።
ማንም አልሞተብኝም። እዚህ ጠብ ያለ የለም።
ሌላ ሰው ቢነግረኝ እስክሪብቶዬን ባነሣሁ ነበር።

ነገ ካርድ አወጣለሁ፣ እንደ ሰው፣ በወረፋ።
ከሙሴ ዘርጋው አጠገብ ብቀመጥ ደስ ይለኛል፣
ያንን የተተኮሰ ሱሪ እያየሁ፣
«አንቺ ቅደሚ»፣ «እርስዎ ይቅደሙ» እያልን
ተራ ስንገባበዝ።