ግማሽ ሰከንድ

ዓመት ሙሉ በጭፍን ነበር የላክነው፤
ካሜራውን ከካይት ሆድ በሲባጎ አንጠልጥለን
«በል እንግዲህ፣ የታየህን» ብለን ለነፋስ የሰጠነው።
ሲወርድስ ምን ይዞ ወረደ?
የካይቱን ጭራ፣ ደመና ግማሹ የሄደ፣
የታቦርን ጫፍ፣ ተንጋዶ፣
የሌዳሞን አውራ ጣት፣ መስተዋቱን ጋርዶ።

ዛሬ ግን ስክሪን አለን፤
መዳፍ የምታህል፣ ጥጓ የተሰነጠቀ፣
ከፒያሳ ጠጋኝ ቤት በዱቤ የወጣች፣
አንቴናዋ በፕላስተር የተጣበቀ፤
ላይ ያለው ዓይን የሚያየውን
እያየ ሳለ የምታሳብቅ።

ፀሐይ ስክሪን ትበላለችና ጃኬቴን በራሴ ላይ ደፋሁ፣
ጉንፋን ይዞት እንደሚታጠን ሰው ጨለማው ውስጥ አጎነበስሁ፤
ሌዳሞ የብስክሌት ጓንቱን አጥልቆ ሲባጎውን ሲለቅ
እኔ ብርሃን ጠበቅሁ።

መጀመሪያ ሠርገኛ ጤፍ፣ ወንፊት ላይ የሚንከባለል።
ከዚያ መጣ!
አንድ ሰው፣ ጃኬት የተከናነበ፣ ሐይቅ ዳር ሣር ላይ የተቀመጠ፣
አጠገቡ ሌላ፣ ሰማይ የሚጎትት።
«ማነው ይሄ ጉድ?» ልል ስል፣ እኔው ሆንኩ።
እጄን አነሣሁ።
ያ ሰውዬ ቆየት ብሎ አነሣ፤
ግማሽ ሰከንድ ዘግይቶ፣
ስሙ ሲጠራ «እኔን ነው?» እንደሚል ተማሪ።

አባ ኮዳ ከካሜራው በታች አለፈ።
አሞራ ገደል የዓሣ አንጀት ሲጠብቅ
እግሩንና ኮረጆውን ነበር የማውቀው፤
ጀርባውን ዛሬ አየሁ። ካባ ለብሷል።

«ምን ይታያል?» አለ ሌዳሞ።
«ሐይቁ።»
«ሐይቁንማ እኔም አያለሁ። ምን ይታያል?»
ተለዋወጥን፤ ሲባጎው ለእኔ፣ ጨለማው ለእሱ።
ሲባጎው ለካ ይነዝራል፣
መንጠቆ የዋጠ ዓሣ ከላይ ያለ ይመስል።

ጃኬቱ ውስጥ ዝም አለ።
«ግራ» አለ ቆይቶ። «ትንሽ ግራ። አሁን ተወው።»
ከዳሩ ሃያ እርምጃ ገባ ብሎ፣ ከውሃው ሥር
ድንጋይ ተሰልፏል አለኝ፤ ክብ ነው፣
በአንድ በኩል ክፍት።
«የአባቴ በረት ነው።
ውሃው ሲመጣ ከብቶቹን በዚያች በር ነው ያወጣናቸው፤
እኔ የያዝኩት ጥጃዋን ነበር።»
ጣቱን በሩ ላይ ሊያሳርፍ ዘረጋ መሰለኝ፣
ጃኬቱ ተንቀሳቀሰ፤
ያን ጊዜ ነፋሱ ደከመ፣ ሲባጎው ረገበ፣
ሠርገኛው ጤፍ ተመለሰ።

ካይቱ ውሃ ሳይነካ በሩጫ ጎትተን አወረድነው።
እያለከለከ «አነሣኸው?» አለኝ።
አላነሣሁትም።
ማንሻው ቁልፍ እኔ ኪስ ውስጥ ነበር፣
ሁለቱም እጆቼ ደግሞ ነፋስ ይዘው ነበር።

የልኬቱ ቅጽ ላይ «ምስል የለም» ብዬ ጻፍኩ።
«ነገም ነፋስ አለ» አልኩት ስክሪኗን በፎጣ እየጠቀለልኩ።
ሌዳሞ ወደ ሐይቁ እያየ ነበር፤
ግማሽ ሰከንድ ቆይቶ
ራሱን ነቀነቀ።