ማጀቱ የተዛወረ ቤት

ከፍርድ ቤቱ በታች፣ ዳገቱ ወገብ ላይ፣
ሁለት በሦስት ሱቅ፣ ከመንገድ የሚታይ፤
«ጽሕፈትና ኮፒ» ይላል ሰሌዳዬ፣
ጉም ከጦሳ ሲወርድ በድምፅ ነው ገበያዬ።

አሥራ ሰባት ዓመት አቤቱታ ጻፍኩኝ፣
የሰው ድንበር መለስኩ፣ የሰው ቀለብ ቆረጥኩኝ።
ዓይኔ ከወረቀቱ፣ ጆሮዬ ከባለጉዳይ፣
ጣቴ ብቻውን ያውቃል የቱ ታች፣ የቱ ላይ።
ማተሚያው የት ነው? ብትሉኝ አላውቀውም ነበር፤
እጅ የለመደውን አፍ መች ይናገር?

ጥቅምት ላይ አንድ ጠዋት ቀይ ጽሑፍ ብቅ አለ፣
«ፈቃድሽ አብቅቷል፣ ክፈይ» እያለ።
ፈቃድ መች ነበረኝ? በፍላሽ የመጣ፣
ከፒያሳ ልጆች እጅ በመቶ ብር የወጣ!

ኑርዬ፣ የእህቴ ልጅ፣ ኮምቦልቻ የሚማር፣
ሐረጎን ወጣና ጀመረ መመርመር።
«አክስቴ፣ ይሄ ነፃ ነው፤ ሌባም አያሰኝም፤
ፊደሉ ያው ፊደል፣ የሚቀርብሽ የለም።»

እውነቱን ነው። ሁሉም አለ፤
ግን ከቦታው የተነቀለ።
ቤቱ ያው የኔ ቤት፤ ማጀቱን ግን በማታ
አንዱ ገብቶ አዛውሮ፣ ጨውን በስኳር ቦታ፣
በሩ በነበረበት ግድግዳ አቁሞ፣
ሄዷል፤ «ተሻሽሏል» የሚል ወረቀት አትሞ።

ያቺ ዲስኬት ብቻ፣ የማስቀመጫዋ ምልክት፣
አልተንቀሳቀሰችም፤ ሰላም አልኳት።
ኑርዬ ሳቀ፤ ዲስኬት በዕድሜው አላየም፤
«የሳሙና ሳጥን ናት?» አለኝ። አልፈረድኩበትም።

ዘምዘም፣ ጎረቤቴ፣ እሷም ተቆልፎባት፣
የተሰረቀውን ዳግም አስጫነች፤ ሁለት መቶ ወሰዱባት።
«ነፃው እያለ?» ስላት፣ «መልኩ ይጨንቀኛል፤
ከማላውቀው ነፃ የማውቀው ሌባ ይሻለኛል።»

ሐሙስ ነው። ጋሽ አሊጋዝ፣ ከኩታበር የመጡ፣
ይግባኝ ሊያስጽፉ አግዳሚው ላይ ተቀመጡ፣
መዝገብ ቤት ሊዘጋ ሃያ ደቂቃ ሲቀር።
ጽፌ ጨረስኩ፤ የቀረኝ የገጽ ቁጥር።
ላይ ፈለግኩ፣ ታች ፈለግኩ፤ አንዱን መስኮት ብከፍት
ሌላ መስኮት ወለደ፣ እሱም ሌላ መስኮት።
ላብ አሰመጠኝ፤ በዚያ ብርድ።

«ተረጋጊ ልጄ» አሉ፣ «እኔም እንዲህ ሆኛለሁ።
ስድስት ዓመት የማውቀው ሦስት ቁጥር ገባሁ፤
ችሎቱ ፎቅ ወጥቷል፤ ከማን እሰማለሁ?
የሰው ፍቺ ሳደምጥ፣ ሙሉ ጠዋት፣ ታች ሆኜ፣
ላይ ስሜ ተጠርቶ፣ መዝገቤ ተዘጋ፣ ቀረሁ ባክኜ።»

እጄ ቆመ።
ለካ እኔን የነቀለኝ እሳቸውንም ነቅሏል፤
በር የሚያዛውር ሰው መች ደጅ ጠንቶ ያውቃል?

ቁጥሩን በቢክ ጻፍኩት፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፤
ኮታቸውን ሰብስበው ወጡ በፍጥነት።

ተመለሱ። ደርሰዋል። ተነፈሱ ቆመው፤
«አሁን ደግሞ ጻፊልኝ፣ በትልቁ አድርገሽው፦
‹ችሎቱ ፎቅ ወጥቷል›። ቀስትም ይኑረው፤
እንደኔ ያለው እንዳይባክን፣ ሦስት ቁጥር በር ላይ ልለጥፈው።»

አተምኩላቸው። ከወረቀቱ ጠርዝ የተረፈውን
በመቀስ ቆረጥኩና፣ በእጅ ጽሑፌ፣ በፕላስተር፣
ከስክሪኑ ጥግ ለጠፍኩ፦ «የገጽ ቁጥር፣
በዚህ በኩል።» ቀስትም አለው።

የሳቸውን ጥበቃው ሁለቴ ቀዶታል።
ሁለቴ አትሜያለሁ፤ በአዲሱ።
ማተሚያው የት ነው? አትበሉኝ።