ክንድ የሌለው ወንበር

ሐሙስ ማታ፣ ሞንቴሬይ፣ ከመድኃኒት ቤቱ ጀርባ፣
አሥራ አንድ ሆነን በጠባቡ በር፣ ተራ በተራ ስንገባ
ወንበሮቹ ክንድ የላቸውም። ኤውላልያ ናት የመረጠች፣
በእህቷ ሰርግ፣ በክንዳም ወንበር ተቀርቅራ ያለቀሰች።

ሐኪሙ ጨጓራዬን ቆርጦ ሰፋ፤ እጁ ይባረክ፣ አዳነኝ።
ግን ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ፍሪጁ በስሜ ሲጠራኝ
እሱ ተኝቷል።
ስልኩን የሚያነሳው ሬፉሂዮ ነው፣ የአውቶቡስ ሹፌሩ፤
«እኔም ቆሜያለሁ» ይለኛል፣ «እጄ ላይ ቀዝቅዟል በሩ፤
ቁጠሪና እኩል እንዝጋው።»

ግማሽ እንቁላል በግማሽ ሰዓት። አማቴ «እጄን ናቅሽው» ትላለች።
ለቀጭን ሰው ብነግረው ቀልድ ነው፤ ኔሊዳ ግን ታውቀዋለች።

ይህችው ኔሊዳ ሦስት ሐሙስ ቀረች፤
ዘጠኝ ኪሎ ተመልሶባት፣ አፍራ፣ መጋረጃ ጋርዳ።
ወንበሯን ተሸክመን ሄድን፤ ልክ እንደ ተጠራ እንግዳ
ደጇ ላይ ዘርግተን ቆምን፤ ሚዛን ማንም አላነሳባት።
ሬፉሂዮ ነው በበሩ ስንጥቅ ቀስ ብሎ ያላት፦

«መጉደል ነበር ምኞታችን፤
ያንቺ መጉደል ግን ከበደን።»

ውሻዋ ጮኸ። በሩ ዝም አለ።
ወንበሯ ላይ በየተራ እየተቀመጥን
ቆየን።